ጀሶ ላይ የተጻፈ ቀን

በዘጠኝ ዓመቴ ከልቤ የምንቃቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ እናቴና የእናቴ ወንድም። እናቴን የምንቃት ፈሪ ናት ብዬ ነው። አጎቴን የምንቀው ጫማው ከሲሚንቶ ስለማይጠራና አንድ ቃል ለመናገር ግማሽ ቀን ስለሚፈጅበት ነው። የማከብረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ አባቴን። ይህን ቀድሜ የምናገረው «ልጅ ነበረች፣ ምን ታድርግ» ተብሎ ከንፈር እንዲመጠጥልኝ አይደለም። ልጅም ብሆን ዓይን ነበረኝ፣ ጆሮ ነበረኝ፤ ሁሉም ነገር የተደረገው ፊቴ ነው። ያየሁትን ሁሉ ገልብጬ አየሁት፤ ገልብጬ ያየሁትን ይዤ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አኮረፍኩበት።

አባቴ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበር። ሥራው ይህን ያህል አልነበረም፤ ጽሕፈቱ ግን በመሥሪያ ቤቱ ሁሉ የታወቀ ነው። የሽኝት ካርድ፣ የምስጋና ወረቀት፣ «ሽንት ቤቱ ተበላሽቷል» የሚል ማስታወቂያ ሳይቀር እሱ እንዲጽፈው ይለመናል። ቤትም ውስጥ የስኳርና የሳሙና ዝርዝር ሲጽፍ ፊደሎቹን እየኳለ ነበር። ባለሱቁ እናቴን «እትዬ፣ ይሄ የሳሙና ነው ወይስ የሠርግ ጥሪ?» ይላታል። እሷ ትስቃለች። እኔ በባለሱቁም በእሷም እናደዳለሁ፤ የአባቴ ጽሕፈት ለእኔ የሚሳቅበት ነገር አልነበረም።

የምንኖርበት ቤት የእናቴ ነው። ከእናቷ የወረሰችው ሁለት ክፍል፣ በመንገድ በኩል በር ካላት አንዲት ጠባብ ክፍል ጋር። በጠባቧ ክፍል የስፌት መኪናዋን አስቀምጣ ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፣ ለተማሪዎች ዩኒፎርም ትሰፋለች። ቤቱ ዝቅ ያለ ነው፤ ግን ጣሪያው አያፈስም፣ ግድግዳው አይላጥም። አባቴ «የዶሮ ቤት» ይለዋል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በነጻ ያደረበትን ቤት የዶሮ ቤት ብሎ ሲጠራ ጉሮሮውን እንኳ አይከረክረውም። እኔም ከአፉ ተቀብዬ ለጓደኞቼ «እኛ እኮ የዶሮ ቤት ውስጥ ነው የምንኖረው» እል ነበር፤ ለጊዜው ነው ለማለት።

አንድ ቀን ከሥራ ሲመጣ ፊቱ ቦግ ብሎ በርቷል። አሮጌው ሰፈር ውስጥ የሚሸጥ ቤት ተገኘ። አሮጌው ሰፈር ከመሃል ከተማ ከፍ ብሎ ያለ፣ መንገዱ በጥርብ ድንጋይ የተነጠፈ፣ ቤቶቹ የእንጨት ሰገነት ያላቸው ሰፈር ነው። በየበሩ ጎን ማዘጋጃ ቤቱ የናስ ሰሌዳ ለጥፏል፤ ቤቱ ስንት ዓመቱ እንደሆነ፣ ማን ይኖርበት እንደነበር። ሰሌዳ የተለጠፈበትን ቤት ፊቱን መቀየር ክልክል ነው፤ መስኮቱን እንኳ መንቀል አይቻልም። አባቴ ክልከላውን ራሱ እንደ ማዕረግ ነበር የሚያወራው። የሚሸጠው ቤት ሰሌዳ አንድ የጥንት ዳኛ ኖረውበታል ይላል። «ዳኛ የኖረበት ቤት» እያለ እራት እስኪቀርብ ድረስ ደጋገመው፤ ከእራትም በኋላ አላቆመም።

ልናየው ሄድን። ደላላው ፀሐይም ቢሆን ጃንጥላ ከእጁ የማይለይ ረዥም ሰው ነው። በሩን ሲከፍተው የረጠበ እንጨትና የእርግብ ኩስ ሽታ ወጣ። ወለሉ ሲረገጥ ይንቋቋል። የግድግዳው ቀለም እየተላጠ እንደ ሙዝ ልጣጭ ተንጠልጥሏል። ቧንቧውን ሲከፍቱት ሦስት ጊዜ አስሎ ቡናማ ውሃ ተፋ። እኔ ግን ደረጃውን ነው ያየሁት። ሰፊ የእንጨት ደረጃ፣ ለመንሸራተት የተሠራ የሚመስል መደገፊያ ያለው። ላይኛው ፎቅ ላይ ክብ መስኮት ያላት ትንሽ ክፍል አለች። አባቴ እጄን ይዞ አስገባኝና «ይቺ የሚጣዬ ናት» አለ። በቃ፣ እዚያው ላይ ለአባቴ ተሸጥኩ።

ደላላው ወሬውን የሚያወራው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ነው፤ ከደረጃው ጎን ያለውን ግድግዳ ተደግፎ። «የድሮ ሰው የሠራው እኮ ነው ጌታዬ፣ ዛሬ እንዲህ ያለ እንጨት ከየት ይገኛል» ይላል፣ ከዚያች ቦታ ሳይነቃነቅ። እግሩን ያመዋል ብዬ አዘንኩለት። ዛሬ ሳስበው ያዘንኩለት ደላላ ስንጥቁን በጀርባው እየሸፈነ ነበር። አባቴም ሳያይ ቀርቶ አይደለም፤ ማየት ስላልፈለገ ነው።

እናቴ ያን ቀን አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ወለሉን በተረከዟ ትጫናለች፣ ግድግዳውን በመዳፏ ትዳስሳለች፣ ታሸታለች። በመጨረሻ ደረጃው ሥር፣ መስኮት ያለበት ጥግ ጋ ሄዳ ቆማ ቀረች። አባቴና እኔ ከላይ «ነይ እንጂ» ስንላት እንኳ አልመጣችም። ደረጃውን ፈርታ ነው ብዬ በሆዴ ናቅኳት። ከስንት ዓመት በኋላ ነው የነገረችኝ፤ በስንዝሯ እየለካች ነበር፤ የስፌት መኪናዋ ያችን ጥግ ይገጥማት እንደሆነ፣ ብርሃኑ በየት በኩል እንደሚመጣላት። ቤቱን ከአባቴ እኩል ወዳዋለች። ልዩነቱ፣ እሷ ስትወድ አፏ ሥራ ይፈታ ነበር፤ ወለሉን ትመረምራለች እንጂ አታወራም።

ነገሩ ግልጽ ነው። ያንን ለመግዛት የዶሮ ቤቱ መሸጥ አለበት። የዶሮ ቤቱ በእናቴ ስም ነው። እሷ ካልፈረመች ዳኛም ሰገነትም ክብ መስኮትም የለም። ከፈረመች በኋላ ግድግዳው ከተናደ ደግሞ ሦስታችንም መግቢያ የለንም፤ የእሷ መተዳደሪያም ይሄዳል። አባቴ ይህን ሁለተኛውን ክፍል አንስቶት አያውቅም።

«ወንድሜ ይየው» አለች እናቴ።

«ወንድምሽ ምን ያውቃል? እሱ የሚያውቀው የጋራዥ አጥር ነው።»

«ግድግዳ ያውቃል» አለች።

አጎቴ ግንበኛ ነው። ቱንቢውን፣ ያንን በክር የሚንጠለጠል ብረት፣ ከኪሱ ስለማይለይ ሰው ሁሉ «ቱንቢ» ይለዋል፤ እኔ «ጋሼ ቱንቢ» እለዋለሁ። በሳምንቱ መጣ። አባቴን «እርስዎ» ይለዋል፤ አባቴ እሱን «አንተ»። ቤቱን ዞሮ ዞሮ፣ በመዶሻ እጀታ ኳ ኳ እያደረገ እያዳመጠ፣ ቱንቢውን በየማዕዘኑ እያንጠለጠለ አንድ ጠዋት ሙሉ ፈጀ። አባቴ በየመሃሉ «ሐኪሙ፣ በሽተኛው ይድናል?» እያለ ለደላላው ይጠቅሰዋል። ደላላው ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። አጎቴ የሰማም አይመስልም።

ደረጃው ጎን ሲደርስ ደላላውን «ወንድም፣ ትንሽ ዞር በልልኝ» አለው። ደላላው ዞር አለ። ከጣሪያው እስከ ደረጃው የሚወርድ ስንጥቅ ታየ፣ እርሳስ የሚያስገባ። አጎቴ ልስኑን በመሮ ድንጋዩ እስኪታይ ፈቅፍቆ በስንጥቁ ላይ አግድም የእጅ መዳፍ የሚያህል ጀሶ ለጠፈ። ሌሎች ሁለት ቦታዎችም እንደዚያው አደረገ፤ አንዱ ታች ሳሎን፣ አንዱ ላይ። ከዚያ ጀሶው ሳይደርቅ በሚስማር ጫፍ የዕለቱን ቀን ጫረበት። ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው ትምህርት ያቆመው፤ ቁጥሮቹ እርስ በርሳቸው የተጣሉ ይመስላሉ።

«ጀሶ አይለጠጥም» አለ ለእናቴ። «ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ይሰነጠቃል። ካልተንቀሳቀሰ እንዳለ ይከርማል። ክረምቱ ይለፍና መጥተን እናያለን።»

«በጀሶ ቁራጭ ሦስት ወር ልንጠብቅ?» አለ አባቴ።

«ክረምቱ ይለፍ» አለች እናቴ። «ጀሶው ከያዘ እፈርማለሁ።»

አጎቴ ሌላም ነገር ሊል አፉን ከፍቶ ነበር፤ ጀሶው ቢሰነጠቅስ ምን ማለት እንደሆነ። አባቴ ግን ኮቱን አንስቶ ወጥቷል። የአጎቴን ዓረፍተ ነገር እስከ መጨረሻው የመጠበቅ ትዕግሥት ኖሮት አያውቅም። እኔም ተከትዬው ወጣሁ።

ክረምቱ ገባ። አባቴ ከደላላው ቁልፍ ተውሶ በየሳምንቱ ምሳ ሰዓት ላይ ቤቱን ሊያይ ይሄዳል፤ የእኔ የክረምት ትምህርት የግማሽ ቀን ስለነበር ይዞኝ ይሄዳል። ሶፋውን እዚህ፣ መጻሕፍት እዚያ እያለ ይደረድራል። መጻሕፍት የሚለው የትኞቹን እንደሆነ አላውቅም፤ ቤታችን ውስጥ የነበረው አንድ መዝገበ ቃላትና የስልክ ማውጫ ነው። መሥሪያ ቤቱ ስሄድ ሴቶቹ ጉንጬን እየቆነጠጡ «አዲሱ ቤት እንዴት ነው?» ይሉኛል። ኩራቴ ልክ አልነበረውም። ለካስ ቤቱን ገና ባየ ሳምንት ገዝቻለሁ ብሎ አውርቶላቸዋል። አለቃው ተነሥቶ እጁን ጨብጦታል፤ «እንኳን ደስ ያለህ» የሚል ካርድ ሰጥተውታል፤ ካርዱን የጻፈው ራሱ ነው። እንግዲህ ይህ ሰው የሚፈራው ግድግዳው እንዳይናድ አልነበረም። የሚፈራው ሰኞ ጠዋት ቢሮ ገብቶ «አልገዛሁትም» ማለትን ነው።

ክረምቱ ሊወጣ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ቀን በሩን ከፍተን ገባን። አባቴ ሁለት ደረጃ ወጣና ቆመ። በደረጃው ጎን ባለው ጀሶ ላይ ከላይ እስከ ታች አንዲት ቀጭን መስመር ወርዳለች፣ ፀጉር የምታህል። የአጎቴን የተጣሉ ቁጥሮች ለሁለት ከፍላቸዋለች። አባቴ ኮቱ እንዳይቆሽሽ እንኳ ሳያስብ ደረጃው ላይ ዘፍ አለ። ሰው የሞተበት ይመስል ነበር።

«አባዬ፣ ተበላሸ?» አልኩት።

ተነሣና «እዚሁ ጠብቂኝ» ብሎ ወጣ። ብቻዬን ደረጃው ላይ ተቀምጬ ዝናቡን ሰማሁ። ተመልሶ ሲመጣ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ኮቱን አውልቆ በጥንቃቄ አጥፎ መደገፊያው ላይ ሰቀለ፤ እጅጌውን ሰበሰበ። አሮጌውን ጀሶ በቁልፍ ፈልቅቆ አወረደው። «ሚጣዬ፣ ውሃ አምጪልኝ» አለኝ። ከሚያስለው ቧንቧ በቆርቆሮ ቀድቼ አመጣሁ፤ ሲያቦካው ቆርቆሮውን ያዝኩለት። ጀሶውን የለጠፈው በምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ከቢሮ ባመጣው ማስመሪያ ነው። ጠርዙን ቀጥ አድርጎ አስተካከለው። ከዚያ ሚስማር አንሥቶ፣ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ ቀኑን ጻፈበት፤ የዚያን ዕለት ሳይሆን አጎቴ የጻፈውን የድሮውን ቀን።

ጉድ እኮ ነው። ሰውዬው ሚስቱን ሊያታልል ተቀምጦ፣ አስቀያሚ መጻፍ አቃተው። ሁለት ቁጥርን አንገቷን እንደ ዳክዬ አጠማዘዛት፤ ዜሮዋን ድብልብል አድርጎ ዘጋት። አጎቴ ሲጽፍ አይቷል፤ እንደዚያ መጻፍ እንዳለበት ያውቃል፤ ግን እጁ እምቢ አለው። ያንን ያህል ነበር ራሱን የሚወደው።

እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነው። ቤታችን ታመመ፣ አባቴ አዳነው። «ጋሼ ቱንቢ ያቃተውን አንተ ጠገንከው» አልኩት። ጮክ ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ባዶው ቤት ውስጥ ዞረ። «ይሄ የእኔና የአንቺ ምሥጢር ነው» አለኝ። በዚያን ሰዓት ከእኔ በላይ የታደለ ልጅ በዓለም ላይ የለም ብዬ ነበር።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት እናቴ ነገር አበዛች። ሳህን ስታነሣ «ቤቱ እንዴት ነው?» ትላለች። «እንዳለ ነው» ይላል አባቴ። በሁለተኛው ቀን ሸሚዙን እየተኮሰች «ጀሶውስ?» ትላለች። «እንዳለ ነው አልኩሽ እኮ።» አንድ እሑድ ደግሞ አጠገቡ ተቀመጠችና በቀስታ «ምንም የምትነግረኝ ነገር የለህም?» አለችው። «አንቺ ሴትዮ፣ ምን ነካሽ ሰሞኑን?» አላት። እኔ ጥግ ላይ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ ነበር። ጨቅጫቃ አልኳት በልቤ። ምናለ ብትተወው አልኩ።

ዝናቡ አቆመ። በቀጠሮው ቀን ረፋድ ላይ አምስታችንም ቤቱ ውስጥ ተገናኘን፤ አባቴ፣ እናቴ፣ አጎቴ፣ ደላላውና እኔ። እናቴ የቤቷን ካርታ በቦርሳዋ ይዛ መጥታለች፤ ጠዋት ከሣጥን ስታወጣው አይቻለሁ። አባቴ ጸጉሩን ተቆርጧል። አጎቴ ሳሎን ያለውን ጀሶ አየ፤ አቧራ ጠጥቶ ቢጫ ሆኗል፣ ስንጥቅ የለውም። ላይ ያለውን አየ፤ እሱም እንደዚያው። ሲወርድ ደረጃው ጎን ያለው ጋ ቆመ።

ቆመ ስል፣ ቆየ ማለቴ ነው። ራሱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አደረገ። አውራ ጣቱን ጠርዙ ላይ አሳለፈ። ጀሶው እንደ አዲስ ጥርስ ነጭ ነበር።

«ይዟል?» አለ አባቴ ከታች።

አጎቴ መልሱን ሲፈልግ ግማሽ ቀን ያለፈ መሰለኝ። «እቱ፣ እስኪ አንቺም እዪው» አላት እናቴን።

እናቴ ክር የምታስገባበትን መነጽር ከቦርሳዋ አወጣች። አራት ደረጃ ወጥታ ፊቷን ወደ ጀሶው አስጠጋች።

«ጽሕፈቱ እንዴት ያምራል» አለች።

የማንን ጽሕፈት እያደነቀች እንደሆነ አታውቅም ብዬ ሳቄን ዋጥኩ።

እናቴ መነጽሯን ሳታወልቅ ወደ አባቴ ዞረች። «ክረምቱን ሙሉ እንዲሁ ነው የከረመው?»

«እያየሽው፣ ምን ትጠይቂኛለሽ?»

«አንተን ነው የጠየቅኩህ። እጅህ አልነካውም?»

«እኔ ስለ ጀሶ ምን አውቅልሻለሁ? የወንድምሽ ሥራ ነው፣ ወንድምሽን ጠይቂ።» ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው የተናገረው፤ ቅንድቡ እንኳ አልተነቃነቀም።

እናቴ ወደ እኔም አየች። እኔ ዓይኔን ወደ ጣሪያው ሰቀልኩ። ምሥጢር ጠባቂ መሆኔ ነው። እዚያ ጣሪያ ላይ የነበረችውን የሸረሪት ድር እስከ ዛሬ መሳል እችላለሁ።

ከዚያ መነጽሯን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ካርታው ላይ። ለደላላው «የምሸጠው ቤት የለኝም» አለችው።

«እመቤቴ፣ ሌላ ገዢ እኮ በር ላይ ቆሟል» አለ ደላላው።

«እንግዲያው በሩን ክፈትለት።»

አባቴ ፊቱ ደም መሰለ። «ከያዘ እፈርማለሁ ብለሻል! እዚሁ ቆመሽ፣ በምስክር ፊት።»

«ብያለሁ።»

«ታዲያስ?»

«አልፈርምም።»

«አንተ ንገራት እንጂ» አለው አጎቴን። «ግንበኛው አንተ ነህ። ይዟል ወይስ አልያዘም?»

አጎቴ ቱንቢውን ወደ ኪሱ እየከተተ «እርስዎ ካሉ ይዟል» አለ። ከዚያ ወጣ። አባቴ ይህን እንደ ድጋፍ ቆጥሮት እናቴን «ሰማሽ?» ሲላት፣ እኔም አብሬው «ሰማሽ?» አልኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ መንገድ ለማሻገር እጄን ልትይዝ እጇን ዘረጋች። እጄን ወደ ኋላዬ ደበቅኩ። «ፈሪ ነሽ» አልኳት። በጥፊ ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። መኪናው እስኪያልፍ ቆመች፤ አለፈ፤ «እሺ፣ ተሻገሪ» አለችኝ።

አባቴ ከዚያ በኋላ ሃያ ሁለት ዓመት የዶሮ ቤቱ ውስጥ ኖረ፤ እዚያው ሞተ። ለመጣ እንግዳ ሁሉ «ታሪካዊ ቤት ልገዛ ነበር፤ ዳኛ የኖረበት። ምን ያደርጋል፣ ሴት ፈራች» ይል ነበር። እናቴ በዚያው ሰዓት ሻይ እየቀዳች ነው። አንድ ቀንም መልሳለት አታውቅም። ስኳሩን ታቀብለዋለች። እኔም ካደግኩ በኋላ፣ ሥራ ከያዝኩ በኋላ እንኳ፣ እሱ ያንን ሲያወራ አንገቴን እየነቀነቅኩ እናቴን በዓይኔ እወጋት ነበር። የተማርኩ ሴት ነኝ ባይ።

ዘንድሮ ያው ቤት እንደገና ለሽያጭ ወጣ። ማስታወቂያውን ሳይ ልቤ ዘለለ። አባቴ ያልቻለውን እኔ እችላለሁ፤ ደሞዜ ይበቃል፣ ባንኩም ያበድራል። ጣሪያው መቀየር አለበት፣ ወለሉ በስብሷል፣ ማዘጋጃ ቤቱ መስኮት አያስነቅልም፤ ቢሆንም ልግዛው አልግዛው እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። አጎቴን ለመንኩት። አርጅቷል፣ አንድ ዓይኑ በደንብ አያይም፤ ቱንቢው ግን ኪሱ ውስጥ ነው።

በውጭ በኩል፣ በደረጃው ግድግዳ ላይ፣ ሳህን የሚያህሉ ሁለት ክብ ብረቶች ተገጥመዋል። «እነዚህ ምንድን ናቸው?» አልኩት።

«ማሰሪያ ናቸው። ብረት ከዳር ዳር አሳልፈው ግድግዳውን ይጠፍሩታል» አለ።

«ማን አሠራው?»

«እናንተ ስትተዉት የገዙት ሰዎች። እኔን ነው የጠሩኝ። ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ።»

ደረጃው ላይ አብረን ተቀመጥን። ከልጅነቴ ጀምሮ የያዝኩትን እንደ ቀልድ አድርጌ «እናንተ ፈርታችሁ ነው እንጂ አባዬ ያኔውኑ ጠግኖት ነበር» አልኩት። አጎቴ በደህናው ዓይኑ አየኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓረፍተ ነገሩን እስኪጨርስ ጠበቅኩት።

«ለአዲሶቹ ሰዎች በተከታዩ ክረምት ጀሶ ለጠፍኩላቸው» አለ። «ተሰነጠቀ። ፀጉር የምታህል። የድሮ ቤት በክረምት እንዲያ ያደርገዋል፣ በበጋ ይመለሳል። ጀሶው ላይ ፀጉር ከሆነ ያስሩታል፣ ይኖሩበታል። ጣት ከሆነ ነው የሚሸሸው። ለእናንተም ያንኑ ልላችሁ ነበር የመጣሁት፤ ግዙ፣ እኔ አስረዋለሁ ልላችሁ። ተለውጦ ሳገኘው ምኑን ልለካ?»

አባቴ የኮረጀው ሳይኮርጅም የሚያልፈውን ፈተና ነው። ተሰነጠቀ ብሎ ቢናገር ቤቱ የእኛ ነበር፤ እንዲያውም መሰንጠቁን ተናግሮ ቢሆን ኖሮ ክብ መስኮቷ ሥር አድጌ ነበር። አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገው። ያቺን አንድ ቃል ሳይናገር ሃያ ሁለት ዓመት በእናቴ ሲሳለቅ ኖረ፤ እኔም አጃቢው።

ከዚያው በቀጥታ እናቴ ጋ ሄድኩ። በጠባቧ ክፍል የአንድ ልጅ ሱሪ እያሳጠረች ነበር። ቁጭ እንኳ ሳልል «ውሃውን ያመጣሁለት እኔ ነኝ» አልኳት። የምን ውሃ ብላ አልጠየቀችኝም።

«አውቃለሁ» አለች። «ያን ቀን የቀሚስሽ እጅጌ እስከ ክርንሽ ጀሶ ነበር። ማን ያጠበው ይመስልሻል?»

«ያኔውኑ አውቀሽ ነበር?»

«በማግስቱ ቁልፍ ለምኜ ሄጄ አየሁት።»

«ታዲያ ለምን ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝም አልሽ?»

«ዝም አላልኩም። ስጠይቀው ነበር።» ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ይነግረኛል ብዬ ነው። ካርታውን ይዤ የሄድኩት እኮ ለዚያ ነው። እዚያ ቆሞ እንኳ ቢነግረኝ እፈርም ነበር።»

ደንበኞች የሚቀመጡባት ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝም፤ አፍንጫዬን በደንበኛ ሱሪ ጨርቅ ጠረግኩ። «ፈሪ ስልሽ ለምን አልነገርሽኝም? ይሄን ሁሉ ዓመት?»

«በዓለም ላይ የምታከብሪው አንድ ሰው ነበረሽ» አለች። «እሱንም ልቀማሽ?»

ሱሪውን ገልብጣ እጥፉን አየች። ይቅርታ የሚለው ቃል ለዚህ ያንሳል፤ አልተናገርኩትም። ሌላ የምጠይቀው ስለሌለኝ፣ «እናቴ፣ ያ ቤት እንደገና ለሽያጭ ወጥቷል፤ ልግዛው?» አልኳት።

«ከማን ጋር ነው የምትገዢው?»

«ብቻዬን ነው።»

ሱሪውን አጥፋ ከጎኗ አስቀመጠች። «እንግዲያው» አለች፣ «ግድግዳውን ብቻ አስመርምሪ።»